ከመመዝገብ በፊት ሒሳቡን እንሥራ፦ የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻን ትምህርት ወጪና ገቢ

የትምህርት ኮሚቴው ለአባላትና ለደጋፊዎች ስብሰባ ያቀረበው ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ሙያ ነው። በዚህ ዓመት ከትምህርት ብድር ሣጥናችን እንዲታገዙ ካመለከቱት አባላትና የአባላት ልጆች መካከል ጥቂቶቹ የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻን፣ እዚህ አሜሪካ በተለምዶ «ቬት ቴክ» የሚባለውን ትምህርት መማር ይፈልጋሉ። ማመልከቻው ሲነበብ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ከፊሎቻችን «ነርሲንግ እያለ ለምን ውሻና ድመት?» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ «ልጅቷ የወደደችውን ሙያ እኛ ምን አግብቶን እንከለክላለን?» አልን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ በክርክር ብቻ ግን አይፈታም። ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ሒሳቡን ሠራን። ያገኘነውን ዛሬ በፊታችሁ እንዘረጋለን፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በሣጥኑ ያለው ገንዘብ ከሌሊት ፈረቃ፣ ከፓርኪንግ፣ ከሆቴል ጽዳትና ከሕፃናት መዋያ ደመወዝ ተቆጥቦ የገባ ነው። ለአንዷ ስናበድር ሌላዋ ተራ ትጠብቃለች። የተበደረችው እህት ደግሞ ተምራ ደመወዟ ብድሩን ካልከፈለላት፣ ያገዝናት መስሎን ዕዳ አሸከምናት ማለት ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻን ለእንስሳት ሐኪም፣ ነርስ ለሰው ሐኪም እንደሆነችው ናት። ደም ትቀዳለች፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ ታያለች፣ ራጅ ታነሣለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ማደንዘዣውን ትከታተላለች፣ የእንስሳውን ጥርስ ታጸዳለች፣ ባለቤቱን ታስተምራለች። በሽታን መለየት፣ መድኃኒት ማዘዝና ቀዶ ሕክምና ማድረግ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ቴክኒሻኗ እነዚህን አትሠራም።

ከእርሷ ዝቅ ብሎ «የእንስሳት ሕክምና ረዳት» የሚባል ሥራ አለ። ይህኛው ዲግሪ አይጠይቅም፤ ክሊኒኩ ራሱ አሠልጥኖ ይቀጥራል። ልዩነቱን በደንብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፈቃዱ እንዴት ይገኛል?

መንገዱ በአብዛኛው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እውቅና ከተሰጠው ፕሮግራም መመረቅ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት፣ የአሶሼት ዲግሪ ነው። ሁለተኛ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የቴክኒሻኖች ፈተና ማለፍ ነው። ሦስተኛ፣ ከምትሠሪበት ስቴት ፈቃድ ማውጣት ነው። ስሙ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ በቨርጂኒያ «ላይሰንስድ»፣ በሜሪላንድ «ሬጂስተርድ» ቴክኒሻን ይባላል።

በአካባቢያችን እውቅና ያላቸው የመንግሥት ኮሌጆች አሉ። ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ፣ ሁላችንም «ኖቫ» የምንለው፣ በላውደን ካምፓሱ ይሰጣል። በሜሪላንድ በኩል የባልቲሞር ካውንቲ ኮሙኒቲ ኮሌጅ በኤሴክስ ካምፓሱ ያስተምራል። በኦንላይን የሚሰጡ እውቅና ያላቸው ፕሮግራሞችም አሉ፤ ነገር ግን የተግባሩን ሥራ በክሊኒክ ውስጥ በባለሙያ ቁጥጥር ሠርቶ ማሳየት የግድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እውቅና የሌለው ትምህርት ቤት ቢረክስም ውድ ነው፤ ከእርሱ የተመረቀች ልጅ በአብዛኛው ስቴት ለፈተናው እንኳን አትቀመጥም። ደግነቱ እውቅና ያላቸው ፕሮግራሞች ተማሪዎቻቸው ፈተናውን በስንት መቶኛ እንዳለፉ በይፋ ማሳወቅ አለባቸው። ከመመዝገባችሁ በፊት ያንን ቁጥር ጠይቁ። ቁጥሩን ለመናገር የሚያመነታ ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አትክፈቱ።

ወጪው ስንት ነው?

ለሒሳቡ እንዲመቸን ክብ ቁጥር ወስደናል። በኮሙኒቲ ኮሌጅ፣ ለስቴቱ ነዋሪ፣ አንድ ክሬዲት 200 ዶላር፣ ፕሮግራሙ ደግሞ 70 ክሬዲት ነው ብንል የትምህርት ክፍያው 14,000 ዶላር ይሆናል። ለመጽሐፍ፣ ለሥራ ልብስ፣ ለፈተናና ለፈቃድ፣ እንዲሁም ብዙ ፕሮግራሞች ለሚጠይቁት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት 3,000 ዶላር ጨመርን። ክትባቱን እንዳትንቁት፤ ኢንሹራንስ ካልሸፈነው ብቻውን በርካታ መቶ ዶላር ሊደርስ ይችላል። ድምሩ 17,000 ዶላር ነው።

ብዙዎቻችን ሒሳቡን እዚህ ላይ እናቆማለን። ትልቁ ወጪ ግን ገና አልተቆጠረም። እርሱም የሚቀርባት ደመወዝ ነው። ትምህርቱ በአብዛኛው ቀን ነው፤ ላቦራቶሪ አለው፤ የክሊኒክ ልምምድ አለው። በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራ የነበረች እናት ወደ 20 ሰዓት ልትወርድ ትችላለች። የቀሩት 20 ሰዓታት በየሳምንቱ የሚከፈል ወጪ ናቸው፤ ደረሰኝ ስለሌላቸው ብቻ አይታዩንም።

ገቢውስ?

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻኖች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 43,740 ዶላር ነበር። መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ተመራቂ ከዚህ በታች ልትጀምር እንደምትችል አትርሱ። ይኸው ቢሮ ከ2023 እስከ 2033 ባሉት ዓመታት የሥራው ቁጥር በ19 በመቶ ያድጋል ብሎ ተንብዮ ነበር። ይህም ከሌሎች ሙያዎች አማካይ እጅግ የፈጠነ ነበር። ሥራ ማግኘት አያስቸግርም ማለት ነው፤ የሚያስቸግረው የደመወዙ መጠን ነው።

አሁን ወደ ምሳሌዎቹ እንግባ። ሰዎቹ በአካል ያሉ አይደሉም፤ ግን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

የመጀመሪያዋ የ35 ዓመት እናት ናት። በነርሲንግ አሲስታንትነት በሰዓት 18 ዶላር ታገኛለች፤ በዓመት 37,440 ዶላር ነው። ቬት ቴክ ሆና መካከለኛውን ደመወዝ ብታገኝ ልዩነቱ ከታክስ በፊት በዓመት 6,300 ዶላር ነው። ወጪዋን እንደምር፦ ለትምህርቱ 17,000፤ በሳምንት 20 ሰዓት በ18 ዶላር ሲቀርባት 360፤ ይህ በሁለት ዓመት ውስጥ ለ80 ሳምንት ሲባዛ 28,800። ድምሩ 45,800 ዶላር ነው። ይህን በ6,300 ስናካፍለው ገንዘቧ የሚመለሰው ከ7 ዓመት በኋላ ነው። የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ በእርዳታ ብታገኝ እንኳን 5 ዓመት ይፈጃል።

ሁለተኛዋ የ19 ዓመት ልጅ ናት። ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች፤ በሱቅ በሰዓት 15 ዶላር ትሠራለች፤ በዓመት 31,200 ዶላር ነው። ለእርሷ ልዩነቱ 12,540 ይሆናል። ወጪዋ ከቀረው ደመወዝ ጋር 41,000 ዶላር ነው። በ3 ዓመት ከጥቂት ወር ይመለስላታል። የትምህርት ክፍያው በእርዳታ ከተሸፈነ ከ2 ዓመት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ሦስተኛዋ እንደ መጀመሪያዋ እናት ናት፤ ነገር ግን የትምህርት ክፍያው 35,000 ዶላር የሆነ የግል ትምህርት ቤት ገባች። ጠቅላላ ወጪዋ 66,800 ይደርሳል። ከ10 ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል፤ ያውም የብድሩ ወለድ ሳይቆጠር።

አራተኛዋ ቀድማ በእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት የተቀጠረች ናት። በሰዓት 18 ዶላር እያገኘች፣ ሥራዋን ሳትቀንስ፣ እውቅና ባለው የኦንላይን ፕሮግራም ቀስ ብላ ትማራለች። የቀረባት ደመወዝ የለም። ወጪው ያው 17,000 ቢሆን በ2 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ይመለሳል። ጊዜው ሊረዝምባት፣ እንቅልፉ ሊቀንስባት ይችላል፤ ኪሷ ግን አይራቆትም።

እንግዲህ «ይህ ትምህርት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ለማን? በየትኛው ትምህርት ቤት? ከየትኛው ሥራ ተነሥታ? ሳንመጥን ከደቆስን በርበሬው ይተርፋል ወይም ያጥራል።

ነርሲንግ እያለ ለምን?

ይህን ጥያቄ ያነሡት እናቶቻችን ሒሳቡ ከእነርሱ ጋር መሆኑን መናገር አለብን። በዚያው በሜይ 2023 መረጃ መሠረት የሬጂስተርድ ነርስ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 86,070 ዶላር፣ የኤልፒኤን ደግሞ 59,730 ዶላር ነበር። ነርሲንግም በኮሙኒቲ ኮሌጅ በአሶሼት ዲግሪ ይገኛል። ያቺ የ35 ዓመት እናት ያንኑ 45,800 ዶላር ከፍላ ነርስ ብትሆን፣ ወጪዋ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ይመለስላታል። ቅድመ ኮርሱና ተራ መጠበቁ አንድ ዓመት ቢጨምርባት እንኳን ከቬት ቴክ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በሌላ በኩል ግን ነርሲንግ የሚቀበለው ተማሪ የተወሰነ ነው፤ ውድድሩ ከባድ ነው። ሰውን በሕመሙ ጊዜ መንከባከብ ለሁሉም አይሆንም። ነርሲንግ ጀምራ በመሀል ያቋረጠች ልጅ ወጪውን ከፍላ ዲግሪውን አላገኘችም። ቬት ቴክን ወድዳ የጨረሰች ደግሞ ዲግሪውም ፈቃዱም በእጇ አለ። ስለዚህ የሚወዳደረው በወረቀት ላይ ያለው የነርስ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን፣ ልጅቷ የመጨረስ ዕድሏም ጭምር ነው።

በሙያው ውስጥም ከፍ የሚያደርግ መሰላል አለ። የድንገተኛና የልዩ ሕክምና ሆስፒታሎች ከትንሽ ክሊኒክ የተሻለ የሚከፍሉበት ጊዜ ብዙ ነው። በምርምር ተቋማትም የላቦራቶሪ እንስሳትን የሚንከባከቡ ቴክኒሻኖች ይቀጠራሉ። ለእኛ ቅርብ የሆነው በቤተዝዳ ያለው የብሔራዊ ጤና ተቋም ነው። የፌዴራልም ሆነ የዩኒቨርሲቲ ሥራ የጤና ኢንሹራንስና ጡረታ ስላለው፣ ደመወዙ ሲታይ ጥቅማጥቅሙም አብሮ መታየት አለበት። አንዲት እናት ክሊኒክ ስትቀጠር «የሰዓት ክፍያው ስንት ነው?» ብላ ብቻ አትመለስ፤ «ለልጆቼ ኢንሹራንስ አለው ወይ?» ብላ ትጠይቅ።

ገንዘብ ያልሆነው ሚዛን

ሥራው ጉልበት ይጠይቃል። 40 ኪሎ የሚመዝን የተቆጣ ውሻ ይነሣል፣ ይያዛል። ንክሻና ጭረት አለ። ወገብ ይታመማል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የማይድነውን እንስሳ በመርፌ ማሳረፍ ነው። ባለቤቱ እያለቀሰ፣ ቴክኒሻኗ እግሩን ይዛ ትቆማለች፤ ከዚያ እጇን ታጥባ ቀጣዩን ታካሚ ትቀበላለች። ባለቤቱ ገንዘብ አጥቶ ሊድን የሚችለው ሲያልፍም ታያለች። ብዙዎች ሙያውን የሚተዉት ደመወዙ አንሶ ብቻ ሳይሆን ይህ ሐዘን ተጠራቅሞባቸው ነው።

የቤታችንም ነገር አለ። ባደግንበት ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ሳሎን አይገባም። «አሜሪካ ድረስ ተሻግራ ውሻ ልታጥብ?» የሚሉ ዘመዶች አሉን። በእምነቷ ምክንያት የውሻ ምራቅ የሚያሳስባት እህትም አለች፤ እርሷ ከሃይማኖት አባቶቿ ጋር ቀድማ ትመካከር። ስለ ክብር ለሚነሣው ግን መልስ አለን። አገራችን ከብት ያላት ሰው የምትከበርባት አገር ናት። ላም ስትታመም ቤቱ ሁሉ ይታመም ነበር፤ ጥጃ ስትወለድ ሌሊት የሚነሡት እናቶቻችን ነበሩ። እንስሳን ማዳን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ፈቃድና ደመወዝ ያለው መሆኑ ነው።

ከአገር ቤት ተምረው ለመጡ

በመካከላችን በቢሾፍቱ፣ በጎንደር ወይም በሌላ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተምረው ዛሬ በሌላ ሥራ ላይ ያሉ አሉ። ለእነርሱ ጥያቄው ሌላ ነው። የዶክተርነት ዲግሪ ያላት እህት እዚህ ሐኪም ሆና ለመሥራት የውጭ ምሩቃን የሚያልፉበትን የምዘና ሂደት መፈጸም አለባት፤ ረጅም ነው፣ ወጪውም በሺዎች ይቆጠራል። በአንዳንድ ስቴቶች ግን የውጭ አገር ምሩቅ ሐኪም እንደገና ኮሌጅ ሳትገባ ለቴክኒሻን ፈተና እንድትቀመጥ ይፈቀዳል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ከመክፈላችሁ በፊት የምትኖሩበትን ስቴት የእንስሳት ሕክምና ቦርድ ጠይቁ። አንድ ስልክ ሁለት ዓመት ሊያተርፍ ይችላል።

የምናቀርበው ሐሳብ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮሚቴያችን በአንድ ድምፅ የተስማማበት ይህ ነው። ቬት ቴክ መማር የምትፈልገውን ከብድሩ አንከልክላት፤ ግን እነዚህን ነገሮች ታሟላ።

በመጀመሪያ፣ ቢያንስ ስድስት ወር በእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት ትሥራ። ያ ሥራ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ደመወዝ አለው። ሽታውን፣ ንክሻውን፣ ሐዘኑን አይታ ከወደደችው ትማር። አንዳንድ ክሊኒኮች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ያግዛሉና ያንንም ትጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ እውቅና ያለውና የመንግሥት ኮሌጅ ወይም ክፍያው ከእርሱ የማይርቅ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻውን ትሙላ። ፔል ግራንት የማይመለስ እርዳታ ነው፤ በ2024–25 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ግሪን ካርድ ያላት፣ በዲቪ የመጣችውም ጭምር፣ እንዲሁም ጥገኝነት የተፈቀደላት ማመልከት ትችላለች። የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና በሂደት ላይ ያለች ወይም በጊዜያዊ ጥበቃ ብቻ ያለች ግን ይህን እርዳታ አታገኝም። ለእንደዚህ ዓይነቷ እህት የእኛ ሣጥን ብቸኛ በር ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ በር ያላት አስቀድማ በዚያኛው ትግባ።

አራተኛ፣ ልጆች ያሏትና ለአገር ቤት ቤተሰብ የምትልክ እናት፣ የነርሲንግና የቬት ቴክ ሒሳብ ጎን ለጎን ተሠርቶ ይታያት። አይታ ቬት ቴክን ከመረጠች ምርጫዋን እናከብራለን።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለን። ብዙዎቻችሁ ስትለግሱን «ለትምህርት ክፍያ» ትላላችሁ። ሒሳቡ ያሳየን ግን የሚጎዳን የትምህርት ክፍያው ሳይሆን የቀረው ደመወዝ መሆኑን ነው። ለዚህ ከእናንተ የምንለምነው የተወሰነው እርዳታ ለልጅ ማቆያ፣ ለትራንስፖርት፣ ለክትባትና ለፈተና ክፍያ እንዲውል እንድትፈቅዱልን ነው። እኛም የበኩላችንን እናደርጋለን። አገር ቤት አጨዳ ሲደርስ ደቦ እንደምንወጣ፣ ላቦራቶሪ ላለባት እናት በሳምንት ሁለት ከሰዓት ልጆቿን በተራ ብንይዝላት፣ አንድ ዶላር ሳናወጣ በመቶ የሚቆጠር የሥራ ሰዓት እንመልስላታለን። ከዛሬ ስብሰባ በኋላ ተራ ለመያዝ የምትችሉ ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ።

የመጀመሪያዎቹ አመልካቾች ሒሳባቸውን ከኮሚቴው ጋር ቁጭ ብለው እንዲሠሩ ጠርተናቸዋል። ብድሩን የምናጸድቀው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ጥያቄም ተቃውሞም ያላችሁ ተናገሩ።